የብረት ቀጥቃጩ ልጅ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የዛፍ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ታሪኩ ሲጀመር የእኔ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ገጠር ይኖር የነበረ የአንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ግን ያንን ቤተሰብ ስፈልግ፣ በራሴ ቤት ስሙ የማይጠራ ሰው እንዳለ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ከሐሳቤ አልወጣም።

ስንዱ እባላለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአባቴ ጋር ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። በዚያን ጊዜ ኤጀንሲው የመደበኝ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ጋ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከባቡር ወርጄ ደግሞ አውቶቡስ እይዛለሁ። ሰው ሁሉ “እዚሁ ሜሪላንድ ሥራ አጥተሽ ነው?” ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሴትዮዋን ወድጃቸዋለሁ።

ሚስ ዶሮቲ የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመጽሐፍ ጋር ኖረው በስተርጅና ዓይናቸው ከዳቸው። ፊት ለፊት ያለው ነገር አይታያቸውም፤ የሚታያቸው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ሰው ማየት ሲፈልጉ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘወር ያደርጋሉ። “እንደ ዶሮ ነው የማይሽ” ብለው ራሳቸው ይስቃሉ።

የመጀመሪያው ቀን ቁርስ ላቀርብ ስል የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሳህን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ሁሉም ወረቀት ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ በፍሬም የተሰቀለ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ገጽ አለ። ወደ ጎን ዘወር ብለው አሳዩኝ።

“ይሄ የሕዝብ ቆጠራ ነው። አራተኛው መስመር ላይ ያለው አያቴ ነው፤ አሞስ ተርሎ። ብረት ቀጥቃጭ ነበር” አሉኝ። አገጫቸው ቀና ብሎ ነበር። ጄኔራል ነበር የሚሉ ነው የሚመስለው።

እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ለምን እንደደፋሁ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጎጃም ውስጥ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ ሳለን፣ ሦስተኛ ክፍል ሆኜ፣ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ቆሎዋን ከእኔ አራቀችና “እናቴ ከእሷ ጋር አትብዪ ብላኛለች። የቀጥቃጭ ዘር ናችሁ አሉ” አለችኝ። ቤት ሄጄ ምሳ ላይ ጠየቅኩ። አባቴ የጎረሱትን ዋጡና ተነሥተው ወጡ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ “ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺ” አለችኝ። በዓመቱ ጓዛችንን ጠቅልለን አዲስ አበባ ገባን። ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ አያቴ ገበሬ ነበሩ እላለሁ።

ሚስ ዶሮቲም በዚያው ጠዋት “የአንቺስ አያት ምን ይሠራ ነበር?” ሲሉኝ “ገበሬ” አልኳቸው።

ቀስ በቀስ ነገሩን አጫወቱኝ። አሞስና ሚስቱ ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ የሚስ ዶሮቲ አባት ዋልተርና ታናሽ እኅቱ ኤልሲ። በመጀመሪያ እናትየዋ ሞተች። ዓመት ሳይሞላ አሞስ ተከተላት። ዋልተርን አጎቱ ይዞት አሜሪካ መጣ። ኤልሲ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መንገዱን አትችለውም ተብላ ለሰው ተሰጠች። ለማን እንደተሰጠች ዋልተር በደንብ አያውቅም። ሲያድግ ወደ መንደሩ ደጋግሞ ጻፈ። ደብዳቤዎቹ “እንዲህ የምትባል ሰው የለችም” ተብለው ተመለሱ።

“አባቴ ስለ አገሩ አያወራም ነበር። ሊሞት ሲል ግን እኔን ኤልሲ ነበር የሚለኝ። ‘ኤልሲ፣ እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር’ ይለኛል። እኔም ‘እሺ፣ አልተቀየምኩህም’ እለው ነበር። ሌላ ምን ልበለው?” አሉኝ ሚስ ዶሮቲ።

ኤልሲን ሃያ ዓመት ፈልገዋታል። የአሞስን የጋብቻ መዝገብ፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ አንጥረኛ የነበሩትን ሁሉ አግኝተዋል። ኤልሲ ግን ከክርስትና መዝገቧ በቀር የለችም። በመጨረሻ ዓይናቸው ሲከዳቸው ፍለጋው ቆመ።

እኔም ከምሳ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት የእሳቸው ዓይን ሆንኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ መዝገቡን አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነበር የሚታየኝ። አንድ ቀን በጣም ገርሞኝ “ሚስ ዶሮቲ፣ በየቤቱ ‘ዶ’ የሚባል ሰው አለ። ይሄ ስም እዚያ አገር እንደዚህ የተለመደ ነው?” አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው ወረደ። ለካ “ከላይ እንደተጻፈው” ለማለት በአጭሩ የሚጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ እኔን “ሚስ ዶ” ማለት ጀመሩ።

ጥቅምት ላይ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሲወጡ ከስተዋል፣ ድምፃቸውም ቀጥኗል። ሩቅ ስቴት የሚኖረው ልጃቸው መጣና “ከታንክስጊቪንግ በኋላ እኔ ጋ ነው የምትኖሪው” አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እውነቱን ነው። እሳቸውም አልተከራከሩም። እኔ ግን ወረቀቶቹን ወደ ካርቶን ሳስገባ “ኤልሲን ሳላገኛት መሄዴ ነው” ሲሉ ሰማኋቸው። እስከዚያ የኅዳር በዓል የቀረን አምስት ሳምንት ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ዕረፍት ወስጄ አባቴን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ፎርም የሚሞላው ልጅ ስሞቻችንን አየና ግራ ገባው።

“ልጃቸው ነሽ አይደል? ላስት ኔማችሁ ለምን ተለያየ?”

ይህን ጥያቄ መቶ ጊዜ መልሼዋለሁ። “የእኔ ተሰማ ነው፤ የአባቴ ስም። የእሳቸው መኮንን ነው፤ የአባታቸው ስም” አልኩት።

“ታዲያ የቤተሰባችሁ ስም የትኛው ነው?”

“የቤተሰብ ስም የለንም። እኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ ‘የማን ልጅ ነህ?’ ነው የሚባለው። የአባቱን ስም ይናገራል፤ በቃ።”

በማግስቱ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ይህ የራሴ ንግግር ድንገት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። የአራት ዓመት ልጅ። እናቷም አባቷም የሞቱባት። የማታውቀው ሰው ቤት። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ “አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?” ይላታል። ምን ብላ ትመልሳለች? ተርሎ የሚለውን ከየት ታውቀዋለች? የአሞስ ልጅ ነኝ ነው የምትለው!

የምወርድበትን ጣቢያ አልፌ ሄድኩ።

ሚስ ዶሮቲ ቤት አርፍጄ ስገባ ጃኬቴን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። “ምን ሆነሻል?” ይላሉ። “ቆይ ይጠብቁኝ” አልኳቸው። ሕዝብ ቆጠራው ውስጥ ኤልሲ አሞስ ብዬ ሰርች አደረግሁ። ጥቂት ስሞች መጡ። አንዷ በልደት ቦታዋ ላይ የእነ አሞስ መንደር ተጽፎባታል። ዕድሜዋ ትክክል ነው። የምትኖረው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሌላ መንደር፣ የጋሪ መንኮራኩር ሠሪ ቤት ነው። መዝገቡ ልጅም ዘመድም አይላትም። “አብራ የምትኖር” ይላል።

ሳነብላቸው እጃቸው ጠረጴዛውን ያዘ።

“ሌላ አሞስ የሚባል ቤተሰብ ይኖራል። አታታልዪኝ” አሉኝ። ሃያ ዓመት ሲፈልጉ ስንት ጊዜ ደስ ብሏቸው ስንት ጊዜ እንዳፈሩ ያስታውቃል።

እውነት ነበራቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት የጋብቻዋን መዝገብ ፈለግን። እሱንም አገኘነው። በዚያ አገር የጋብቻ መዝገብ ላይ የሙሽራዋ አባት ስምና ሥራ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ “አሞስ ተርሎ። ሟች። ብረት ቀጥቃጭ።” ተርሎ የሚለውን ካደገች በኋላ ሰው ነግሯት ይሆናል፤ ከሥር ግን በለመደችው ስም ራሷ ፈርማለች፤ ኤልሲ አሞስ።

ስሟ ጠፍቶ ነበር እንጂ አባቷን አልረሳችም።

ሚስ ዶሮቲ ፊርማውን እንዳጎላላቸው ጠየቁኝ። ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላሁት። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘወር አድርገው፣ በዓይናቸው ዳር ብዙ ቆይተው አዩት።  እኔም ወደ ኩሽና ሄጄ የማያስፈልግ ሳህን አጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ባሏ የእርሻ ሠራተኛ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ልጅ የክርስትና መዝገብ ላይ ስሙን ሳይ ቶሎ አላነበብኩላቸውም። ደግሜ አረጋገጥኩና “ሚስ ዶሮቲ፣ የመጀመሪያ ልጇን ዋልተር ብላዋለች” አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ከአሜሪካዊ ሰው አይቼ አላውቅም። እንደኛ እናቶች ወዲያ ወዲህ እያሉ አለቀሱ። “ትጠብቀው ነበር፤ ትጠብቀው ነበር” ይላሉ።

የባሰው ደግሞ የሞተችበትን ዓመት ስነግራቸው ሆነ። ኤልሲ ረጅም ዕድሜ ኖራለች። ሚስ ዶሮቲ በሠላሳ ዓመታቸው እንግሊዝ አገር ሄደው ነበር። አባታቸው “እኔ አልሄድም፤ ምን ላደርግ?” ብሎ ስለቀረ ብቻቸውን ነው የሄዱት። የአሞስን መንደር አይተው፣ የመቃብር ቦታውን ፎቶ አንሥተው ተመለሱ። ያን ቀን ኤልሲ በሕይወት ነበረች፤ በመኪና ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ።

“በዚያ መንደር በአውቶቡስ አልፌያለሁ። መስኮት አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት” አሉኝ።

 ከዚያ እንባቸውን ጠርገው “አየሽ፣ እኔ ሃያ ዓመት ስፈልግ ያላሰብኩትን አንቺ በአንድ ጠዋት አሰብሽው። እንዴት አወቅሽ?” አሉኝ።

የአባት ስም የምንጠራበትን ልማድ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

“የእኔም አያት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ” አልኳቸው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገርኩት። ልቤ እንደ ሌባ ልብ ይመታል። ሚስ ዶሮቲ እጄን አፈፍ አድርገው “አንቺም? ታዲያ እስከዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?” አሉ በደስታ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ብረት ቀጥቃጮች እኛ አገር የተጠሉ መሆናቸውን፣ ዓይናቸው ይበላል መባሉን፣ ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር መሆኑን። እያዳመጡ ግንባራቸው ተጨማደደ።

“ማረሻቸውን የሚሠራላቸውን ሰው?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ስሙ ማን ነበር?”

“መኮንን” አልኩ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የዚያ ሰው ስም ቤታችን ውስጥ ከፎርም ላይ በቀር ተጠርቶ ሰምቼ አላውቅም።

ሚስ ዶሮቲ ከታንክስጊቪንግ በኋላ ሄዱ። ሲሰናበቱኝ “አባትሽ በሕይወት አለ። እኔ የእኔን ቶሎ አልጠየቅሁትም” ብለውኝ ነው የሄዱት።

እኔ ግን አባቴን ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ድፍረት አጣሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የኤልሲን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ስጨርስ ሚስ ዶሮቲ ግድግዳ ላይ የነበረውን ገጽ ያነሣሁበትን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው።

“ይሄ አሞስ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሥራው የተጻፈበት ነው” አልኳቸው።

“ምን ይላል?”

“ብረት ቀጥቃጭ።”

ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም።

“እንዲሁ ጻፉት? ሳይሰድቡት?”

“እንዲሁ ነው የጻፉት፣ አባባ።”

ስልኩን መለሱልኝ። ተነሥተው የሚወጡ መስሎኝ ነበር። አልተነሡም።

“አባቴ መኮንን አይደለም” አሉኝ። “መኮንን ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ በራሴ አባት ስም ብመዘገብ ያውቁብኛል ብለው ስማቸውን ሰጡኝ። አባቴ ዳምጤ ነው የሚባለው።”

ዳምጤ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የአያቴን ስም ሰማሁ።

“አያቴስ ምን አሉ? ስማቸውን ሲተዉባቸው?”

“‘ተማርልኝ’ ብቻ ነው ያለኝ።” መስኮቱን እያዩ ነው የሚናገሩት። “አንድ የገበያ ቀን ማጭድ ሊሸጥ ከተማ መጣ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜያለሁ። አንዱ ‘ያ ሰውዬ ምን ያፈጥብሃል?’ አለኝ። ‘አላውቀውም’ አልኩት። አባቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ በአጠገባችን አለፈ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። አልሰማኝም እያልኩ ስድሳ ዓመት ራሴን ሸነገልኩ። ሰምቶኛል፣ ስንዱ። ልጄን አላሳፍረውም ብሎ ነው ያለፈ።”

አባቴ ሲያለቅሱ ያን ቀን አየሁ። እናቴ ስትሞት እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነበር።

ከዚያ በኋላ ማፈላለግ ጀመርኩ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶችን ኮል አደረግሁ፤ ከዚያ ወረዳ የመጡ ሰዎችን ጠየቅሁ። አንዳንዱ “ምን ያደርግልሻል?” ይለኛል። አንዳንዱ ድምፁ ይቀየራል። ዳምጤን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የት እንደተቀበሩም አይታወቅም። የእንግሊዙ አሞስ መቶ ዓመት አልፎት ስሙ፣ ሥራው፣ የቤቱ ሰው ብዛት ተጽፎ ይገኛል። የእኔ ዳምጤ የሠሩት ማረሻ የስንቱን ቤት እንዳጠገበ የጻፈ የለም። መዝገቡ አባቴ ናቸው፤ እሳቸውም ሰማንያ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል።

ለሚስ ዶሮቲ ደውዬ ስሙን ነገርኳቸው። “ዳም-ጤ” እያሉ ደጋግመው ተለማመዱት። በሚቀጥለው ፋሲካ ማግስት ልጃቸው ደውሎ ማረፋቸውን ነገረኝ። እሱ አፈላልጎ ከእናቱ ጋር ያገናኛት የኤልሲ የልጅ ልጅ ከእንግሊዝ ለቀብሩ አበባ እንደላከችም ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ደግሞ፣ ምን እንደምል አላውቅም፣ ቀናሁ።

አሁን ሰው የማን ዘር እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ የብረት ቀጥቃጩ የዳምጤ የልጅ ልጅ ነኝ እላለሁ። ዝም የሚሉ አሉ። በፊት ቤቴ ይመጡ የነበሩ አንድ ሴትዮ ከዚያ ወዲህ አይመጡም። ይሁን። ያላየሁት ሰው እንዲህ ይናፍቃል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ቁመታቸው፣ ድምፃቸው፣ ሲቆጡ ምን እንደሚሉ፣ ሁሉንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባቴ እየቆዩ አንዳንድ ነገር ያስታውሳሉ። ባለፈው ሳምንት አባታቸው ብረት ሲቀጠቅጡ የሚያንጎራጉሩት ዜማ እንደነበረ ነገሩኝ። “እንዴት ነበር?” አልኳቸው። ጣታቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየመቱ ጀመሩት፤ ሁለት ስንኝ ያህል ሄዱና ጠፋባቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጠፋ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ “መጣልዎት?” እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።